መንገድ ላይ የረዘመች ቃል

ቢቸና፣ ግንቦት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገሬ ኃይለ ሚካኤል
ሌኒንግራድ

እንደምን ከረምሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። ይህን ደብዳቤ ስትከፍቺ ከሁሉ በፊት ጽሕፈቱን አይተሽ "ማነው እንዲህ ያጣመመው?" ማለትሽ አይቀርም። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። እስከ ዛሬ የሚያነቡልኝና የሚጽፉልኝ መምሬ ወልደ ኪዳን አልጻፉልኝም፤ አጠገቤም የሉም። መስመሩ ወደ ታች ከወረደብሽ ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ነው እንጂ እኔስ ቀጥ አድርጌ ነበር የጀመርኩት።

በቀበሌው አዳራሽ ሁለት ክረምት መሠረተ ትምህርት ተማርኩ። ጠመኔውን እንደ እንዝርት ነው የምትይዘው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ከሳቁት ውስጥ ሁለቱ ዛሬ የልጆቻቸውን ደብዳቤ ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ እኔም አንዲት ቃል ሳልዘል አነብላቸዋለሁ። ለምን ሳልዘል እንዳልኩ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ከፋሲካ በኋላ ደረሰኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ቀድጄ፣ ራሴ ዘርግቼ ያነበብኩት እሱን ነው። ጣቴን መጀመሪያዋ ቃል ላይ አድርጌ ጀመርኩ፤ "ለክብርት ወይዘሮ ይርጋነሽ" ይላል። ስሙ የእኔ ቢሆንም የሌላ ሰው ደብዳቤ የሰጡኝ መሰለኝ። ፖስታውን ገልብጬ ባየው የላኪው ስም ያንቺ ነው። መምሬ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያነቡልኝ "ውድ እናቴ ሆይ" ብለው ነበር የሚጀምሩት። ደግሜ አነበብኩት፤ አሁንም ወይዘሮ ይርጋነሽ ነው የሚለው።

ወረድ ስል እንዲህ ብለሻል፦ "ትምህርቴ በሰኔ ያልቃል። በዚሁ ትምህርት ሌላ አራት ዓመት እንድቀጥል ጠይቀውኛል፤ ፊርማዬን እስከ ሰኔ ማብቂያ ይጠብቃሉ። ያን ጥያቄዬን ስድስት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። አሁንም ካላገኘሁ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቢቸና ቤት አለኝ ብዬ አላስብም፣ እርስዎንም አላስቸግርም።" የትኛው ጥያቄ? እኔ ካንቺ አንድም ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቱን ይዤ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሣጥኑን ከፍቼ የቀድሞዎቹን አሥራ አንድ ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። ሁሉም በወይዘሮ ይርጋነሽ ይጀምራሉ፤ እናቴ የሚል አንድም የለም። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ነገሩን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን በጽሑፍ አስቀምጬው አላውቅምና አሁን ላስቀምጠው። የሞጣው አቶ አካለ ወልድ ለልጃቸው ለፋንታ ሽማግሌ ላኩ። እኔ አንቺን ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ቀን ተቆረጠ፣ ጠላው ተጠነሰሰ። አንቺ የፈተና ውጤትሽን ይዘሽ አውቶቡስ ላይ ወጣሽ። እኔም በመስኮቱ ሥር ቆሜ፣ የገበያው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እናቴ ብለሽ እንዳትጠሪኝ" አልኩሽ። በሌላው ሁሉ እንቢ ያልሽኝ ልጅ በዚህ ብቻ ታዘዝሽኝ።

የባሰውን ልንገርሽ። መምሬ "ውድ እናቴ ሆይ" ብለው ባነበቡልኝ ቁጥር በሆዴ እናደድ ነበር። እናቴ አትበዪኝ ያልኳት ልጅ ይቅርታ እንኳ ሳትል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ውድ እናቴ ትለኛለች እያልኩ። ስለዚህ መልስ ሳጽፍ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ላሟ ብቻ አጽፍና መጨረሻው ላይ "ከይርጋነሽ" ብቻ ይበሉልኝ እላቸው ነበር። መምሬም ያልኳቸውን ይጽፋሉ። እንዲህ ስንኳረፍ ኖርን፤ አንቺ ታዝዘሽ፣ እኔ መታዘዝሽን ሳላውቅ።

ጥያቄሽን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቶሎ ማንበብ ገና አልችልም። በ1972 ጥር የጻፍሽው ላይ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለምትማሪው ስለ ስበት ሞገድ ጽፈሽ ጽፈሽ፣ እዚያው መሐል እንዲህ ይላል፦ "ይህች ሞገድ አንዴ ከተነሳች የሚያቆማት ነገር የለም። የእርስዎም ቃል እንዲሁ ሆነብኝ። እናቴ እንዳልልዎት የተናገሩት እስከ ዛሬ የጸና ነው ወይስ የዚያን ቀን ብቻ ነበር? አንድ ቃል ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።" ከዚያ በኋላ ባሉት በአምስቱም ላይ፣ ሁልጊዜ ከሞገዷ ቀጥሎ፣ ያው ጥያቄ አለ። እዚያ ቦታ ላይ መምሬ ምን ይሉ እንደነበር ታውቂያለሽ? "ከዚህ ወዲያ ያለው የትምህርት ነገር ነው" ይሉና ወረቀቱን ያጥፉታል።

በማግስቱ ደብዳቤዎቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩባቸው። አጥራቸው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩና ስለ መጀመሪያዋ መስመር ጠየቅኋቸው። አልካዱም። "በወይዘሮ የሚጀምር የልጅ ደብዳቤ ለእናት አንብቢ ብትባይ አንቺስ ታነቢዋለሽ? አፌ እንቢ አለኝ" አሉ። ስለ ትምህርቱስ ስላቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "አንዴ ጀምሬው አልገባኝም። ስንቱን ተማሪ ንባብ ያስቀጸልኩ ሰው፣ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ እየሰማ፣ አልገባኝም ማለት ከበደኝ። ከዚያ ወዲያ ሞገድ የሚለውን ባየሁ ቁጥር ማጠፍ ልማድ ሆነብኝ" አሉኝ።

ልጣላቸው ነበር የሄድኩት፤ ንግግሬንም መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ግን ሰውየው አርጅተዋል፤ እጃቸው መስቀሉን እንኳ አጥብቆ አይዝም። ደግሞም ቅር እንዳለኝ ደብዳቤዎቹን መልሼ ልቋጥር ስል እሳቸው ቀስ ብለው፣ "ለመሆኑ ሰማይ እንደተዘረጋ እናውቃለን፤ እስካሁን እየተዘረጋ መሆኑን ማን ነገራት?" አሉኝ። ሳላስበው ሳቅኩ። ያን ቀን እስከ ሠርክ ጸሎት ድረስ ሁለታችን በደብዳቤዎችሽ ላይ ተደፍተን ዋልን፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይጠይቃሉ።

እንግዲህ የገባኝን ልንገርሽ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ሞገድ ማለት መስከረም ላይ ነፋስ ጤፉን ሲያስጎነብሰው የምናየው ነው። ጤፉ ከሥሩ አይነቀልም፣ ወደ ሌላ ማሳ አይሄድም፤ መጎንበሱ ግን ከዚህ ጠርዝ ተነስቶ እዚያኛው ይደርሳል። ያንቺ ሞገድ ደግሞ ጤፍ የላትም፤ የምታስጎነብሰው ባዶውን ቦታ ራሱን ነው። ስታልፍ ሁሉን ነገር በአንድ በኩል ትስበዋለች፣ በሌላ በኩል ታጠብበዋለች፣ ወዲያው ደግሞ ታገላብጠዋለች። ይህን ለመምሬ ለማስረዳት ከቤታቸው ወንፊት አምጥቼ ክቡን በሁለት እጄ ከጎንና ከጎን ጫን አልኩት፤ ወደ ላይ ረዘመ። ከላይና ከታች ስጫነው ወደ ጎን ረዘመ። "ታዲያ እኛም አሁን እንረዝማለን፣ እናጥራለን?" ብለው ወገባቸውን ዳበሱ። ማንም ሊያውቀው የማይችል ያህል ጥቂት ነው ብላለች አልኳቸው።

መምሬ አልለቀቁኝም። ማንም ይዟት ካላወቀ መኖሯ በምን ታወቀ ሲሉ ጠየቁ። እሱንም በ1973ቱ ደብዳቤ ጽፈሽው ኖሯል። አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚሽከረከሩ ሁለት የሞቱ ከዋክብት ተገኝተዋል፤ ዓመት በዓመት ሲለኳቸው እየተቀራረቡ፣ ዙራቸውም እያጠረ ነው፤ የጎደላቸው ኃይል የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት፤ የጎደለው ልክም ሞገዷ ይዛ መሄድ ያለባትን ያህል ነው። መምሬ ይህ ከበዳቸው። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ከቤት ምን እንደጎደለ የሚያውቅ ሰው፣ ባያየውም፣ በመንገድ ላይ ያለ ነገር እንዳለ ያውቃል።

የከበደኝ የሰማዩ መስፋት ነው። አንቺ እንደጻፍሽው፣ ሞገዷ እየተጓዘች ሳለች መንገዱ ራሱ ይረዝማል። አንድ ሰው በእግሩ ከቢቸና ወደ ሞጣ ተነስቶ ግማሽ ሲደርስ በመሐል ያለችው ጉንደ ወይን ወደፊት ፈቀቅ ብላ ቢያገኛት ማለት ነው። ይህስ ይሁን። ግን የመንገደኛው እርምጃም አብሮ ይሰፋል ብለሻል፤ ይህ አልዋጥ አለኝ። ከመኪና ጎማ ውስጥ ያለውን ላስቲክ፣ ከመነዳሪ የሚሉትን፣ ቆርጣችሁ፣ ሞገድ ስላችሁበት፣ ግራና ቀኝ ጎትቱት ትያለሽ። ቢቸና ያገኘሁት ከመነዳሪ ሁሉ ደርቆ የተሰነጠቀ ነው። ደህና ቁራጭ የማይጠፋው ሞጣ ጎማ የሚጠግነው ከሊፋ ዘንድ ነው ተባልኩ።

ሞጣ ከሄድኩ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ዘመድ ሲሞት እንኳ ሰው ልኬ ነው የቀረሁት። አቶ አካለ ወልድን ወይም ባለቤታቸውን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ሠርግ አስደግሼ ሙሽራ ያሳጣኋቸው ሴት ነኝ። ግን የሞገዷ እርምጃ መስፋት እንቅልፍ ስለነሳኝ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከሊፋ ጨዋ ልጅ ነው። የክንድ ያህል ቆርጦ ሰጠኝ፤ ለምን እንደምፈልገው ስነግረው ሥራውን ጥሎ መጣ። በጠመኔ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ሳልኩበት፤ ሰባት ጉብታ። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘን ጎተትን። ጉብታዎቹ አንዱ ከሌላው ራቁ፣ እያንዳንዱም ሰፋ፣ ዝቅ ዝቅም አለ። ማንም አልነካቸውም፤ ጎማው ነው የሰፋው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ መንገደኛው እርምጃውን አላሰፋም፣ መሬቱ ነው ከነእርምጃው የሰፋው። ከሊፋ ጎንበስ ብሎ በአገጩ እየጠቆመ ቆጠራቸው። "እትዬ፣ ሳሱ እንጂ አልጠፉም። ሰባት ነበሩ፣ አሁንም ሰባት ናቸው" አለኝ።

እንዲህ ጎማ ስንጎትት ከኋላዬ ዱላ መሬት ሲመታ ሰማሁ፤ ዞር ስል አቶ አካለ ወልድ ናቸው። ጎማው ከእጄ አምልጦ ከሊፋን ክንዱን ጠበሰው። መሸሻ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱኝና፣ "እመት ይርጋነሽ፣ ምነው ከሞጣ ጠፉብን? ልጅቷስ? ምን ተማረችልን?" አሉኝ። ያን ነገር ላነሳ ብሞክር የቱን ነገር እንደምል ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። "እሱን እኮ ያን ዓመቱን ነው የተውነው። ፋንታ አግብቶ ሦስት ወልዷል" አሉ። አምስት ዓመት የተሸከምኩት እፍረት እነሱ ቤት አንድ ክረምት እንኳ አላደረም። ከዚያ የጎማውን ጫፍ አቀበልኳቸውና ሦስታችን ሰማይን ስንዘረጋ ቆየን። የሞጣ ገበያተኛ ሁሉ ከቦ ያየን ነበር፤ እንደ በፊቱ ቢሆን በሞትኩ።

ስመለስ አውቶቡሱ ጉንደ ወይን ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ ጎማውን ከጉያዬ አውጥቼ እያየሁ ስለዚያች ቃል አሰብኩ። ከእኔ አፍ የወጣችው በአንድ ትንፋሽ ነው። አንቺ ጋ ስትደርስ አምስት ዓመት የምትረዝም ሆነች። እኔ ቢቸና ቆሜ አንዴ ተናግሬያት የጨረስኳት መስሎኝ ነበር፤ አንቺ ግን በየአገሩ፣ በየበረዶው እየሰማሻት ነበር። መንገዱ ነው የጎተታት። አንቺ እየራቅሽ፣ እኔ እየኮራሁ፣ መምሬም ወረቀቱን እያጠፉት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መምሬም ይህን የግድ ጻፊላት ብለውኛል። ሞገዷ ስትደርሳችሁ ረዝማ ከሆነ፣ ስትነሳ ምን ያህል እንደነበረች በምን ታውቃላችሁ? መንገዱ ምን ያህል እንደሰፋ ካላወቃችሁ፣ ያስነሳት ነገር ከሆነው በላይ ግዙፍ ሊመስላችሁ አይችልም ወይ? ይህን የምጠይቀው ለትምህርቱ ብቻ አይደለም። ያቺ ቃል እዚያ ስትደርስሽ ትልቅ ጥላቻ ያስነሳት መስሎሽ ይሆናል። ያስነሳት ግን ትንሽ ነገር ነው፤ ጠላ ጠንስሳ ሰው ፊት ያፈረች፣ ልጇ ስትሄድባት ደግሞ አትሂጂብኝ ማለት ያቃታት ሴት ናት። ሌላ አልነበረም።

ስለዚህ መልሱን እነሆ። የዚያን ቀን ብቻ ነበር። አውቶቡሱ የኮረብታውን ጥግ ሳይታጠፍ አልቆ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ሳላነብ መቆየቴንም፣ ሲነበብልኝ መናደዴንም ይቅር በይኝ።

ስለ ፊርማው፣ አትፈርሚ አልልሽም። ሞገዷ የምትገኝ ከሆነ አንቺ ብታገኚያት ደስ ይለኛል፤ ለመምሬም ለአቶ አካለ ወልድም እነግራቸዋለሁ። ቤት የለኝም ብለሽ ግን እንዳትፈርሚ። የጓዳውን ክፍል ኖራ አስቀብቼዋለሁ፤ ላንቺ ብዬ አይደለም፣ ዝናብ አስገብቶ ስላበላሸው ነው። አልጋውንም ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ እዚያ ይሻላል ብዬ ነው። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ የሚቆምበት ድረስ እየሄድኩ የምቀመጠውም ሐኪሙ ጉልበትሽን አፍታቺው ስላለኝ ነው። ሰው ሌላ ነገር ቢጽፍልሽ አትመኚው።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱን እዚህ ፖስታ ቤት አስገባለሁ፤ አንዱን የከሊፋ ዘመድ አዲስ አበባ ይዞት ሄዶ ከዚያ ይልከዋል። አንደኛው ቢዘገይ ሌላው ከሰኔ በፊት ይደርስሻል ብዬ ነው። ሁለቱም ከደረሱሽ ሁለቱንም አንብቢያቸው፤ ለሁለተኛው ጽሕፈት የበለጠ ተጠንቅቄአለሁ። የጎማውንም ቁራጭ ከአንዱ ጋር አብሬ ልኬልሻለሁ። ጠመኔው መንገድ ላይ ከለቀቀ ሰባት እንደነበሩ አስታውሺ።

መምሬ ወልደ ኪዳን በመስቀላቸው ባርከውሻል፤ አንቺም ይቅር እንድትያቸው ለምነዋል። አንቺን ለዚህ ያደረሰ አምላክ የምትሄጂበትን መንገድ ሁሉ ያሳጥርልሽ። እመቤቴ ከብርዱም ከብቸኝነቱም ትሰውርሽ። አባትሽን ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ኖሮ ገና ያን ዕለት አውቶቡሱን አስቁሞ አፌን ያስዘጋኝ ነበር።

ደብዳቤ መጨረሻ ላይ የሚጻፈውን በአዳራሹ ሲያስተምሩን ስማችሁን ጻፉ ነበር ያሉን። እኔ ግን ከስሜ ሌላ አንዲት ቃል አራት ቀን ቤቴ ብቻዬን ስለማመድ ሰንብቻለሁ። ረዝማና ሳስታ ብትደርስሽም ሙሉ እንደነበረች እወቂልኝ።

እናትሽ